ትክክለኛው የፍሬቻ አምፖል የትኛው ነው?

የፍሬቻ አምፖል ከመኪና መለዋወጫዎች ሁሉ በጣም ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሲገዛም ብዙ ጥያቄ አይነሣበትም። ባለሱቁ «ባለ አንድ ነው ባለ ሁለት?» ይላል፤ ገዢው የተቃጠለውን ከኪሱ አውጥቶ ያሳያል፤ የሚመስለው ይሰጠዋል። ከገባና ከበራ ነገሩ አለቀ። ይህ ልማድ ቆም ብሎ መመርመር የሚገባው ፍሬቻ ከሌሎቹ የመኪና መብራቶች የሚለይበት ነገር ስላለ ነው። የፊት ፓውዛ ሹፌሩ እንዲያይበት ነው። የፍሬን መብራት አሁን እየሆነ ያለውን ይናገራል። ፍሬቻ ደግሞ ገና ያልተደረገውን፣ ሹፌሩ ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ ለሌላ ሰው ይነግራል። ስለዚህ የአምፖሉ ትክክለኛነት የሚለካው ከኋላ በሚከተለው ሚኒባስ ሹፌርና ሊሻገር ዳር ቆሞ በሚጠብቀው እግረኛ ዓይን ነው። ቀለሙ፣ ድምቀቱና የብልጭታው ምት ለእነዚህ ሰዎች ባንድ እይታ ሊገባቸው ይገባል።

ዓይነቱ እጅግ ብዙ ቢመስልም በመንገዳችን ላይ የሚሮጡትን መኪኖች የሚያዳርሱት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። አንጋፋው ግርጌው ክብ ብረት የሆነ፣ በጎኑ ሁለት ትናንሽ ጉጦች ያሉት፣ ተጭኖና ተጠምዝዞ የሚገባው ነው። የብረቱ ስፋት 15 ሚሊ ሜትር ነው። በአውሮፓ ፒ21ደብሊው፣ በአሜሪካ 1156 ይባላል። በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን ታክሲ ሆኖ የኖረው ላዳ የተሠራው በዚሁ ዓይነት 12 ቮልት 21 ዋት አምፖል ነው። ጃፓኖች በብርጭቆው ስፋት በ25 ሚሊ ሜትር ለክተው ኤስ25 ይሉታል፤ ይህ ስም ግን ስለ ክሩ ብዛትም ሆነ ስለ ጉጦቹ አቀማመጥ ምንም አይናገርም። «ኤስ25 ስጠኝ» ያለ ሰው አራት የተለያዩ አምፖሎች ሊቀርቡለት ይችላሉ፤ ከአራቱ ለመኪናው የሚሆነው አንዱ ነው።

ሁለተኛው ቤተሰብ የብረት ግርጌ የሌለው፣ ብርጭቆው ራሱ ጠፍጥፎ ቀጥ ብሎ የሚሰካው ነው። ቲ20 የሚለው የጃፓን ስም ገበያው ላይ የታወቀ ነው፤ አውሮፓ ደብሊው21ደብሊው፣ አሜሪካ 7440 ይለዋል። ብዙ የቅርብ ዘመን የጃፓን መኪኖች ይህን ይጠቀማሉ። ከእሱ የሚመሳሰለው፣ ግን ግርጌው ሰፊ ፕላስቲክ የሆነው 3156 እና ባለ ሁለት ክሩ 3157 በአብዛኛው ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ላይ የሚገኝ ነው። በመኪናው ጎን፣ በመከላከያው ወይም በስፖኪዮው ላይ ያለችው ትንሿ ፍሬቻ ብዙ ጊዜ 5 ዋት የሆነችውን ቲ10 ትወስዳለች። ከእነዚህ ውጪ ያሉ አዳዲስ ዓይነቶች አሉ፤ በአንዳንድ የጀርመንና የፈረንሳይ መኪኖች ላይ ይገጥማሉ፤ እነሱን ቁጥራቸውን ሳይዙ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ታዲያ የራስን መኪና ዓይነት በምን ማወቅ ይቻላል? ብዙ ሰው የሚተማመነው በተቃጠለው አምፖል ነው። ምስክርነቱ ዋጋ አለው፤ ብረቱ ላይ ቮልቱ፣ ዋቱና ዓይነቱ ተቀርጾ ይገኛል። ነገር ግን አሮጌ መኪና ብዙ እጅ ያለፈበት ነው። ከዚህ በፊት አንድ ሰው የተሳሳተውን አስገብቶ ከነበረ፣ አሮጌውን ይዞ ገበያ መውጣት ስሕተቱን ደግሞ መግዛት ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከእሱ ይበልጥ ታማኝ ነበር፤ ያገለገሉ መኪኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ እሱ ይመጣሉ፤ አብሮ ቢመጣም በጃፓንኛ ወይም በሆላንድኛ ይሆናል። እንዲያም ሆኖ መጣል አይገባም፤ የአምፖሎቹ ሠንጠረዥ ላይ ቁጥሮቹ በየትኛውም ቋንቋ ያው ናቸው። ሦስተኛው ማስረጃ ብዙ ሰው የማያየው ነው፤ በመብራቱ የፕላስቲክ ቤት ጀርባ ወይም በመስታወቱ ጠርዝ ላይ በትንንሽ ፊደል የሚገባው አምፖል ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። እኔ ከሦስቱ የበለጠ የማምነው ይህን ነው። አምፖሉ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፉ ለሌላ አገር ገበያ የታተመ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ላይ የተቀረጸው ግን ስለዚያው ቤት ብቻ ነው የሚናገረው።

ለሌላ አገር ገበያ የሚለው ነገር ቀላል አይደለም። አንድ ስም፣ አንድ ዓመተ ምሕረትና አንድ መልክ ያላቸው ሁለት ቶዮታዎች ሁለት ዓይነት አምፖል ሊፈልጉ ይችላሉ። አንዱ ከአውሮፓ፣ ሌላው ከዱባይ መጥቶ ይሆናል፤ ሦስተኛው ለአሜሪካ ተሠርቶ በባሕር ተሻግሮ የገባ ነው። በእኛ አገር ከሁሉም አቅጣጫ የመጡ መኪኖች ተደባልቀው ስለሚሄዱ «የቪትዝ ፍሬቻ ስጠኝ» ወይም «የኮሮላ ስጠኝ» ብሎ መጠየቅ ጥያቄውን በግማሽ ይተወዋል። ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ ሌላ ልዩነት አለው፤ እዚያ የኋላ ፍሬቻ ቀይ እንዲሆን ሕጉ ይፈቅዳል። በብዙዎቹ ላይ የፍሬን መብራቱና ፍሬቻው አንድ ክር ናቸው፤ ፍሬን እንደተያዘ ፍሬቻ ሲሰጥ አንዱ ወገን ቀጥ ብሎ ይበራል፣ ሌላው ይርገበገባል። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት የኋላ ፍሬቻቸው ብርቱካናማ የሆኑ መኪኖች ሲታጠፉ ወይም መስመር ሲቀይሩ ከኋላ የመገጨታቸው ዕድል ቀይ ካላቸው በ5.3 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ቀይ ፍሬቻ ያለውን መኪና ግን አምፖል በመቀየር ብርቱካናማ ማድረግ አይቻልም፤ መስታወቱም ሽቦውም ለቀይ የተሠራ ነው።

ወደ ጉጦቹ ልመለስ፤ ከአምፖል ስሕተቶች ሁሉ ትልቁ እዚህ ላይ ነው የሚሠራው። የድሮ መኪኖች የፍሬቻ መስታወት ራሱ ብርቱካናማ ነበር፤ ነጩ አምፖል ከውስጥ ሲበራ ቀለሙን ከመስታወቱ ይወስዳል። በኋላ የመኪና ንድፍ አውጪዎች መስታወቱ ጥርት ያለ ይሁን አሉ፤ ቀለሙም ወደ አምፖሉ ተዛወረ። አሁን አንድ ዓይነት ግርጌ፣ አንድ ዓይነት ዋት ያላቸው ነጭና ብርቱካናማ አምፖሎች በአንድ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጡ ሆነ። እንዳይቀያየሩ አውጪዎቹ መላ አበጁ፤ በነጩ ላይ ሁለቱ ጉጦች ፊት ለፊት፣ በ180 ዲግሪ ይተያያሉ፤ በብርቱካናማው ላይ አንደኛው ጉጥ ጠጋ ብሎ በ150 ዲግሪ ተቀምጧል። ነጩ በብርቱካናማው ቤት እንዳይገባ የታሰበ ነው። በብርጭቆ በሚሰካው ቤተሰብም ያው ጥንቃቄ በሌላ መንገድ ተደርጓል፤ የብርቱካናማው ግርጌ ቅርጽ ከነጩ በመጠኑ ይለያል።

እንግዲህ አምፖሉ «አልገባ» ሲል መኪናው ራሱ እየከለከለ ነው። በየጋራዡ የሚደረገው ግን ጉጡን በሞረድ መሞረድ ወይም በጉልበት መጠምዘዝ ነው። ከዚያ በኋላ ጥርት ባለው መስታወት ውስጥ ነጭ ብልጭታ ይታያል። ቀን ከሆነ ፀሐይ ትውጠዋለች፤ ማታ ከሆነ ከጎኑ ባለው ፓውዛ ብርሃን ይዋጣል። የተሞረደው አምፖል በቤቱ ውስጥ አጥብቆ ስለማይቀመጥ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ይላላል፤ የመገናኛው ነጥብ እየተፈናጠረ ይቃጠላል፤ በመጨረሻ አምፖሉ ብቻ ሳይሆን ቤቱም ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ትክክለኛው ተገኝቶ ቢገዛ እንኳ የሚቀመጥበት የለውም። ጉጡ የተሞረደ አምፖል በመኪናዬ አይገባም ማለት እያንዳንዱ ባለመኪና ሊይዘው የሚገባ አቋም ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀለሙ ብርቱካናማ እንዲሆን የተፈለገው ለውበት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ፍሬቻ ብርቱካናማ እንዲሆን ይደነግጋል። አሜሪካም ብትሆን የፊት ፍሬቻዋ ነጭ ሆኖ ቆይቶ ከእ.ኤ.አ. 1963 ሞዴሎች ጀምሮ ነው ወደ ብርቱካናማ የዞረችው። ከነጭ ፓውዛና ከቀይ የፍሬን መብራት መካከል ተለይቶ የሚታየው ይህ ቀለም ነው። የብርቱካናማው አምፖል ችግር ግን ቀለሙ በብርጭቆው ላይ የተቀባ ሽፋን መሆኑ ነው። በርካሹ ላይ ሽፋኑ በሙቀት ይሰነጠቅና እንደ ቅርፊት ይረግፋል። አምፖሉ አልተቃጠለም፤ ይሠራል፤ ብልጭታው ግን ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ይሄዳል፤ ሹፌሩም ከውስጥ ስለማያየው አያውቅም። ስለዚህ መኪናውን ግድግዳ ፊት አቁሞ፣ ፍሬቻውን አብርቶ፣ ወርዶ ማየት ያስፈልጋል። የረገፈ ካለ ሳይቃጠል ይቀየር። በተቃራኒው ብርቱካናማ አምፖል ብርቱካናማ መስታወት ውስጥ ቢገባ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ ብርሃኑ በመጠኑ ይቀንሳል እንጂ ቀለሙ አያሳስትም።

ስለ ድምቀት ሲወራ ዋቱ ብቻ መታየቱ ያሳስታል። በተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 37 የመኪና አምፖሎች ደንብ መሠረት ነጩ ባለ 21 ዋት 460 ሉመን ያህል ብርሃን ሲሰጥ ብርቱካናማው ያው 21 ዋት በልቶ 280 ሉመን ያህል ነው የሚሰጠው፤ ቀሪው በቀለሙ ይዋጣል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የመብራቱ ቤት ሲነደፍ ተቆጥሮ የገባ ነው። ይበልጥ እንዲደምቅ ተብሎ ዋቱ ከፍ ያለ አምፖል ማስገባት ግን መስታወቱን ያቀልጣል፤ መገናኛውን ያጠቁራል። ብዙ ሰው የሚጨነቅበትን አንድ ጥያቄ እዚህ ላይ ልመልስ፤ የአሜሪካው 1156 ወደ 27 ዋት ይጠጋል፤ የአውሮፓው 21 ይላል። ሁለቱ በተለያየ የቮልቴጅ መነሻ የተለኩ ስለሆኑ በተግባር ተቀራራቢ ናቸው፤ መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ 13.5 ቮልት ሲሰጥ የአውሮፓውም ወደ 25 ዋት ይበላል። አንዱን በሌላው መተካት መኪና አያቃጥልም። በአንድ መኪና ላይ ግን ግራው አንድ ዓይነት፣ ቀኙ ሌላ ዓይነት ባይሆን ይመረጣል።

ቮልት ላይ ግን መቻቻል የለም። አውቶሞቢሎች፣ ፒካፖችና ሚኒባሶች በ12 ቮልት ይሠራሉ፤ የኛዎቹ አይሱዙ የጭነት መኪኖችና ሲኖትራኮች በ24። ሱቁ ውስጥ ሁለቱ አምፖሎች ጎን ለጎን ናቸው፤ ከተቀረጸው ቁጥር በቀር ልዩነት አይታይባቸውም። የ12ቱን በ24 ላይ ያበራ ሰው ስሕተቱን ወዲያው ያውቃል፤ አምፖሉ ይፈነዳል ወይም ክሩ ይበጠሳል። የሚያታልለው ግልባጩ ነው። የ24ቱ በ12 ላይ ይበራል፤ ብርሃኑ ግን ከሚገባው አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሚሆን በጠራራ ፀሐይ ፍሬቻ የለም እንደማለት ነው። የድሮ ቮልስ ያላቸው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለባቸው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት በ6 ቮልት ነበር የሚሠሩት። ዛሬ በመንገድ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ወደ 12 ተቀይረዋል፤ የትኛው እንደተቀየረ ግን ባትሪው ላይ ሳይታይ አምፖል አይገዛም።

«ባለ አንድ ወይስ ባለ ሁለት?» የሚለው የባለሱቁ ጥያቄ ስለ ክሮቹ ነው። ባለ ሁለት ክሩ፣ ማለትም 21 እና 5 ዋት አንድ ላይ የያዘው፣ አንድ አምፖል ሁለት ሥራ እንዲሠራ የተፈጠረ ነው። በአንዳንድ መኪኖች የፊት ፍሬቻው ቤት የማቆሚያ መብራትንም ጨምሮ ይይዛል። የዚህ አምፖል ሁለት ጉጦች አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ዓላማው አምፖሉ ተገልብጦ እንዳይገባ ነው። በጉልበት ተገልብጦ ከገባ ደካማው ክር ይርገበገባል፣ ብርቱው ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ያድራል። ባለ አንድ ክሩን በባለ ሁለቱ ቤት ማስገባት ደግሞ የባሰ ግራ የሚያጋባ ውጤት አለው። አንዱ ሰፊ መገናኛ የሁለቱን ሽቦዎች ጫፍ በአንድ ጊዜ ይነካል፤ ያልተገናኙት መስመሮች ይገናኛሉ። ፍሬን ሲረገጥ የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል፤ ፍሬቻ ሲሰጥ የማቆሚያ መብራቱ አብሮ ይርገበገባል። መኪናው «ሽቦው ተበላሽቷል» ተብሎ ለኤሌክትሪሺያን ይሰጣል፤ ዳሽቦርድ ይፈታል፤ ምክንያቱ ግን ቀደም ሲል የተቀየረው የኋላ አምፖል ነበር። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ገመድ ከመፍታት በፊት አምፖሎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ግርጌያቸውን ማየት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

አሁን የብልጭታው ምት። የአውሮፓ ደንብ ፍሬቻ በደቂቃ 90 ጊዜ፣ ከ30 በማይበልጥ ልዩነት እንዲርገበገብ ያዛል፤ ማለትም ከ60 እስከ 120። የአሜሪካውም በዚሁ ወሰን ውስጥ ነው። ምቱን የሚሰጠው «ቲክ ቲክ» የሚለው ፍላሸር ነው። ድሮ በሙቀት የሚታጠፍ ቅንጣቢ ብረት ነበር፤ ቀጥሎ ኤሌክትሮኒክ ሆነ፤ በአዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ ሥራው ወደ ኮምፒውተሩ ገብቷል። በየትኛውም ይሁን ፍላሸሩ አምፖሎቹ የሚስቡትን ኤሌክትሪክ ያውቃል። ተነቃዩ ፍላሸር ጀርባው ላይ ተጽፎበታል፤ 2 በ21 ዋት፣ በቅንፍ ደግሞ 4 የሚል ቁጥር ካለ፣ በተራው ጊዜ ሁለት ባለ 21፣ ሀዛርድ ሲበራ አራት እንዲያሠራ የተሠራ ነው ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲቃጠል ጭነቱ ይቀንሳል፤ ኤሌክትሮኒኩ ፍላሸር በጥድፊያ መርገብገብ ይጀምራል፤ ብዙዎቹ የድሮዎቹ ደግሞ ይዘገያሉ ወይም ቀጥ ብለው ይበራሉ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ «አንድ አምፖል ጠፍቷል» ብሎ ለሹፌሩ እንዲነግር ታስቦ የተደረገ ነው።

ጥድፊያው ሲሰማ ወዲያው አምፖል መግዛትም ትክክል የማይሆንበት ጊዜ አለ። ዋቱ ያነሰ አምፖል ገብቶ ከነበረ ያው ምልክት ይሰማል። መገናኛው ዝጎ ወይም ማሳው፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መመለሻ፣ ላልቶ ከሆነም ያው ነው፤ በክረምት ውሃ በሚገባባቸው የኋላ መብራቶች ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። የማሳ ችግርን የሚያጋልጠው ሌላ ምልክት አለ፤ ፍሬቻ ሲሰጥ በዚያው ወገን ያለው ሌላ መብራት ደብዘዝ ብሎ አብሮ ከበራ ኤሌክትሪኩ መመለሻ አጥቶ በሌላ አምፖል በኩል እየዞረ ነው። ያኔ አዲስ አምፖል አያድንም፤ ቤቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ ማሳውን ማጥበቅ ነው መፍትሔው።

የሞተውን አምፖል ከመጣሉ በፊት ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ማየት ይጠቅማል። ብርጭቆው ውስጡ ከጠቆረ ክሩ እየተነነ አርጅቶ ነው የሞተው፤ ዕድሜውን ጨርሷል፣ ጓደኛውም ብዙ ስለማይቆይ ሁለቱን አብሮ መቀየር ይሻላል። ውስጡ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለበት አየር ገብቶበታል፤ ብርጭቆው ተሰንጥቋል። ብርጭቆው ጥርት ብሎ ክሩ ብቻ ከተበጠሰ ንዝረት ነው የገደለው፤ አምፖሉ ወይም የመብራቱ ቤት ላልቶ ሊሆን ይችላል። በሁሉም ወገን አምፖሎች ቶሎ ቶሎ የሚያልቁበት መኪና ደግሞ አልተርኔተሩ ይለካ። ቮልቴጁ ከሚገባው በ5 በመቶ ብቻ ከፍ ቢል የክሩ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ በየወሩ አምፖል እየገዙ የሚኖሩ ሰዎች ችግራቸው አምፖል ሻጩ ጋ አይደለም።

ኤልኢዲን ብናነሣ፣ በዚህ ዘመን ከሁሉ የበዛ ክርክር ያለው እዚህ ነው። በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ መለዋወጫ መሸጫ፣ በብርጭቆ አምፖሉ ግርጌ ላይ ትናንሽ የኤልኢዲ ነጥቦች የተደረደሩበት ዱላ መሳይ ነገር በብዛት ይሸጣል። ሻጩ ይበልጥ ደማቅ ነው፣ አይቃጠልም፣ ባትሪ አይበላም ይላል። የመጨረሻው ለፍሬቻ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ ፍሬቻ በአንድ መታጠፊያ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚበራው። ፍጥነቱ ግን እውነት ነው፤ የክር አምፖል ሙሉ ድምቀት ለመድረስ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ሲወስድ ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል። ይህ ለፍሬን መብራት ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለፍሬቻ ያን ያህል አይደለም።

ዋናው ጥያቄ ብርሃኑ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። የመብራቱ ቤት ውስጥ ያለው አንጸባራቂ የተቀረጸው ብርሃኑ ከአንዲት ትንሽ ክር፣ ከአንድ የታወቀ ቦታ እንደሚወጣ ተቆጥሮ ነው። ኤልኢዲው ከጎንና ከጫፍ፣ ከብዙ ነጥቦች ይበራል። ቀጥ ብሎ ከኋላ ሲታይ ዓይን የሚወጋ ሊሆን ይችላል፤ ከጎን በሚመጣው ሞተር ሳይክል ዓይን ግን ምንም ላይታይ ይችላል። ሰው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ «ደመቀ» የሚለው ከፊት ለፊቱ ያየውን ነው። ቀለሙም እንዲሁ ያሳስታል። ነጭ ኤልኢዲ በብርቱካናማ መስታወት ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ ከሰማያዊና ከቢጫ የተሠራ ስለሆነ ሰማያዊው በመስታወቱ ይያዛል፤ የሚወጣው የደበዘዘ ቢጫ ነው። ኤልኢዲ የግድ ከገባ የመስታወቱን ቀለም የሚመስል ብርቱካናማ መሆን አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥድፊያው ነው። ኤልኢዲው 3 ዋት ገደማ ብቻ ስለሚበላ ፍላሸሩ አምፖሎቹ ሁሉ ሞተዋል ብሎ ይቆጥራል። ለዚህ የሚደረጉት መላዎች ሁለት ናቸው፤ ፍላሸሩን ጭነት በማይቆጥር መቀየር፣ ወይም በየመስመሩ 6 ኦም መከላከያ፣ ማለትም ሬዚስተር መጨመር። ሬዚስተሩ በ13.5 ቮልት 30 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፤ ከፕላስቲክ ጋር ወይም ከገመድ ጥቅል ጋር ከታሰረ ያቀልጣል፤ ከቆርቆሮ ጋር ነው መታሰር ያለበት። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሙቀቱ አይደለም። ሁለቱም መላዎች የመኪናውን ማስጠንቀቂያ ያጠፋሉ። ኤልኢዲው ነገ ቢሞት ሬዚስተሩ ኤሌክትሪኩን መሳቡን ይቀጥላል፤ ምቱ አይለወጥም፤ ሹፌሩ ፍሬቻ ሰጥቻለሁ ብሎ ያለ ፍሬቻ ይታጠፋል። ለክር አምፖል በተሠራ መኪና ላይ ክር አምፖል ይግባ የምለው ስለዚህ ነው።

በውጭ ለሚኖሩ ወገኖች ይህ የምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ መኪና በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ያልፋል፤ ፍሬቻ ከሚታዩት ውስጥ ነው። በጀርመን ደግሞ የመኪና ምርመራ በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ለክር አምፖል በጸደቀ ፍሬቻ ውስጥ ያልጸደቀ ኤልኢዲ ከተገኘ መኪናው አያልፍም። በእኛ አገርም ዓመታዊው ቦሎ ሲታደስ ፍሬቻ ይበራል፣ ይታያል፤ ሆኖም መብራቱን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንና ምቱንም በጥንቃቄ ማየት ቢለመድ ምኞቴ ነው።

የምርት ጥራት ላይ አጭር ነገር ልበል። በአውሮፓ ደንብ የጸደቀ አምፖል ክብ ውስጥ «ኢ» የሚል ፊደልና ቁጥር ተቀርጾበታል፤ 1 ከሆነ የጀርመን፣ 2 የፈረንሳይ፣ 4 የሆላንድ ማጽደቂያ ነው። ምልክቱ ሊመሰል ይችላል፤ ስለዚህ አሠራሩም ይታይ። ብርጭቆው ከብረቱ ጋር ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ፣ ክሩ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ፣ የግርጌው ብየዳ ጎርበጥ ካለ አይወሰድ። ከታወቁ አምራቾች የሚገዛ ሰው ቁጥሩን ቢይዝ ይቀልለዋል፤ የኦስራም ነጩ ባለ አንድ ክር 7506፣ ብርቱካናማው 7507፣ ባለ ሁለት ክሩ 7528 ሲሆን የፊሊፕስ በዚያው ቅደም ተከተል 12498፣ 12496 እና 12499 ነው።

የወደፊቱን ስናይ ጥያቄው ራሱ እየተለወጠ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በአዲስ አበባ በዝተዋል። በአብዛኞቹ ላይ ፍሬቻው ከመብራቱ ቤት ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ኤልኢዲ ነው፤ አንጸባራቂውም ኮምፒውተሩም ለእሱ የተሠሩ ስለሆኑ ከላይ ያነሣኋቸው ችግሮች አይነኩትም። የሚወጣና የሚገባ አምፖል ግን የለውም። ሲበላሽ ወይም ከኋላ ገጭተው ሲሰብሩት ሙሉ የመብራት ቤት ነው የሚገዛው፤ ዋጋውም ከአምፖል ጋር ጨርሶ አይወዳደርም። ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ባትሪውን ከመጠየቁ ጋር አራቱን ፍሬቻዎችና በስፖኪዮ ላይ ያሉትን አብርቶ ይይ፤ ከመስመሩ አንድ ነጥብ እንኳ ጠፍቶ ከሆነ የዚያን ወገን መብራት ዋጋ ጠይቆ፣ ዕቃው አገር ውስጥ መኖሩንም አረጋግጦ ነው መደራደር ያለበት።